ደጅ ሳይጠኑ መዳኘት፤ የኦንላይን ፍርድ ቤት በቀላል አማርኛ

በ2022 መጨረሻ ገደማ አንድ ካናዳዊ ሰው ሴት አያቱ ሞቱበት። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።) ለቀብር በአስቸኳይ መብረር ነበረበት። የኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ገባና ለሐዘንተኛ የሚደረግ የቲኬት ቅናሽ ይኖር እንደሆነ ቻትቦቱን፣ ማለትም ለደንበኞች በጽሑፍ የሚመልሰውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጠየቀ። ቻትቦቱም ቲኬቱን አሁን ቆርጦ ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። ሰውየው የተጻፈለትን ስክሪንሾት አድርጎ አስቀመጠ። ከቀብር መልስ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን ደንቡ ከጉዞ በኋላ ቅናሽ አይፈቅድም ተባለ።

የጠየቀው ልዩነት ብዙ አይደለም። በኋላ የተፈረደለት ካሣ 650 የካናዳ ዶላር ገደማ ነው። ለዚህ ጠበቃ ይቆማል? ከሥራ ቀርቶ ችሎት ይመላለሳል? አብዛኞቻችን ብንሆን ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወው ነበር። እሱ ግን አልተወውም። ክሱን ኦንላይን አስገባ፤ ስክሪንሾቱን አያያዘ፤ ክርክሩን በጽሑፍ አቀረበ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሰጠው መልስ እኔ ልጠየቅ አይገባም የሚል ክርክር አነሳ። በፌብሩዋሪ 2024 የተሰጠው ውሳኔ ይህንን አልተቀበለም። ቻትቦቱ የድረ ገጹ አካል ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ለሚነገረው ሁሉ ደግሞ ኃላፊው ኩባንያው ነው አለ። ከወለድና ከክፍያ ጋር 812 ዶላር ገደማ እንዲከፈለው ተወሰነ።

ዜናው በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሆነ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው። አንድ ተራ ሰው ያለ ጠበቃ፣ ችሎት ሳይቆም፣ ትልቅ ኩባንያን በ650 ዶላር ጉዳይ ከሶ ረታ። ይህ እንዲሆን ያደረገው ቻትቦቱ ሳይሆን ጉዳዩን ያየው አካል አሠራር ነው። ስሙ ሲቪል ሪዞሉሽን ትሪቡናል ይባላል፤ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የኦንላይን ዳኝነት አካል ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ። የኦንላይን ፍርድ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ሥዕል ከኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የቀረ ነው። ዳኛው በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ጠበቃው በሌላ ሳጥን ውስጥ፣ ተከሳሹ ደግሞ ድምፁ እየተቆራረጠ። ያ በቪዲዮ የሚሰማ ችሎት ነው። ጠቃሚ ነው፤ መንገድና የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል። ግን የቆየው አሠራር ራሱ ነው። አሁንም ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት መገኘት አለበት። አሁንም ቀጠሮ አለ። አሁንም ሥርዓቱን የሚያውቀው ጠበቃ እንጂ ባለጉዳዩ አይደለም።

ትልቁ ለውጥ ያለው ሰዓቱን መበተን ላይ ነው። ከሳሽ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ይጽፋል። ተከሳሽ በሦስተኛው ቀን በምሳ ሰዓቱ ይመልሳል። ዳኛው ሁለቱንም በሥራ ሰዓቱ ያነባል፤ ያልገባውን በጽሑፍ ይጠይቃል። ማንም ማንንም አልጠበቀም። ለደመወዝተኛ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ አልጋ የያዘ ቤተሰብ ለሚያስታምም ሰው ትልቁ ወጪ የዳኝነት ክፍያው አይደለም። የሚባክነው ቀን ነው። ችሎት ተቀምጦ ውሎ፣ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ ተብሎ የሚመለሰው ሰው ይህንን ያውቀዋል።

ስለ ሕግና ቴክኖሎጂ የሚጽፈው ብሪታንያዊው ሪቻርድ ሰስካይንድ ስለዚህ ነገር ደጋግሞ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ፍርድ ቤት ቦታ ነው ወይስ አገልግሎት? እሱ የመራው አማካሪ ቡድን በ2015 ለእንግሊዝና ዌልስ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። ፍርድ ቤት ቦታ ከሆነ ሰው ወደ እሱ መሄድ አለበት። አገልግሎት ከሆነ ግን ሰው ባለበት ሊደርስለት ይችላል።

ጥያቄው ለምን ይከብዳል? ወርልድ ጀስቲስ ፕሮጀክት የተባለው ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት 5.1 ቢሊዮን ሰው የሚያስፈልገውን ፍትሕ እንደማያገኝ ገምቷል። ከነዚህ ውስጥ 1.4 ቢሊዮን ያህሉ የፍትሐ ብሔር ወይም የአስተዳደር ችግር ገጥሟቸው መፍትሔ ያጡ ናቸው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ የውርስ ጭቅጭቅ፣ ከቤት ማስለቀቅ ማለት ነው። ዜና የሚሆን ወንጀል አይደለም። ግን ሰውን ቀስ በቀስ የሚያደኸየው ይኸው ነው።

የኦንላይን ዳኝነት የተጀመረው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም። ገበያ ውስጥ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢቤይ በተባለው የኦንላይን ገበያ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕቃ መገበያየት ጀመሩ። አንዱ ከፍሎ ዕቃው አልደረሰውም። ሌላው የደረሰው የተሰበረ ነው። ሻጩ አንድ አገር፣ ገዢው ሌላ አገር። የ20 ዶላር ጭቅጭቅ በየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይታያል? በ1999 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢቤይ ጋር ሙከራ አደረጉ። አንድ አስታራቂ በኢሜይል ብቻ ሁለቱን ወገኖች እያነጋገረ ወደ 200 የሚጠጉ ጉዳዮችን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄዶ ኢቤይ በዓመት 60 ሚሊዮን ያህል አለመግባባት እስከ ማስተናገድ ደረሰ። አብዛኛው ደግሞ የሰው እጅ ሳይገባበት ያልቃል።

እንዴት? ምሥጢሩ ቀላል ነው። ባዶ ገጽ አልሰጧቸውም። የተናደደ ሰው ባዶ ገጽ ካገኘ ስድብ ይጽፋል። «አንተ ሌባ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላውም ይብስበታል። ሥርዓቱ ግን ጥያቄ ይጠይቃል። ዕቃው አልደረሰህም ወይስ የደረሰህ ከተባለው የተለየ ነው? የምትፈልገው ገንዘብህን ነው ወይስ ሌላ ዕቃ? ለሻጩም አማራጭ ያስቀምጥለታል። ስድቡ ቦታ ሲያጣ ጉዳዩ ብቻውን ይቀራል። በዳኝነት ቋንቋ ይህ ጭብጥ መያዝ ይባላል፤ ዳኛ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋበት ሥራ ነው።

ሌላም ዘዴ አለ፤ ስውር ጨረታ ልበለው። ሁለት ሰዎች የተጣሉት በካሣው መጠን ብቻ ነው እንበል። ጥፋተኛው ታውቋል፤ የቀረው ስንት የሚለው ነው። ፊት ለፊት ሲደራደሩ ማንም የልቡን አይናገርም። 700 ቢያገኝ የሚበቃው ሰው 1,500 ይላል። 750 ሊከፍል የተዘጋጀው 300 ይላል። ተኮራርፈው ይለያያሉ። በስውር ጨረታ ግን እያንዳንዱ የልቡን ቁጥር ለኮምፒውተሩ ብቻ ይነግራል። ቁጥሮቹ ከተገናኙ ሥርዓቱ መሐሉን ይይዛል፤ 725 ተስማምታችኋል ይላል። ካልተገናኙ የማንም ቁጥር አይወጣም፤ ምሥጢር እንደሆነ ይቀራል። ይህንን ሰው ሽማግሌ ሊሠራው ይችላል፤ ግን ሽማግሌው ራሱ መታመን አለበት። ማሽኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የመስኩ ሰዎች ቴክኖሎጂውን «አራተኛው ወገን» ይሉታል። ሁለቱ ተከራካሪዎች፣ ሦስተኛው አስታራቂ ወይም ዳኛ፣ አራተኛው መሣሪያው።

አሁን ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እንመለስ። ትሪቡናሉ ሥራ የጀመረው በ2016 ሲሆን መጀመሪያ የያዘው በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ ሰዎችን ጭቅጭቅ ነበር። በ2017 እስከ 5,000 ዶላር ያሉ የገንዘብ ጉዳዮች ተጨመሩለት። በ2019 ደግሞ የተወሰኑ የመኪና አደጋ ጉዳዮች። አንድ ምሳሌ ይዘን በየደረጃው እንሂድ።

ከላይ ያለው ጎረቤትህ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ጣሪያህን አበላሸው እንበል። ማታ ነው፤ ተናደሃል። ስልክህን ትከፍታለህ። የመጀመሪያው ገጽ የክስ ፎርም አይደለም። ጥያቄና መልስ ነው። ነፃ ነው፤ ስምህንም አይጠይቅም። ውሃው ከየት መጣ? መቼ? ለጎረቤትህ በጽሑፍ ነግረኸዋል? የሕንፃው ማኅበር ያውቃል? በመለስክ ቁጥር መንገዱ ይጠብባል። መጨረሻ ላይ መብትህ ምን እንደሆነ በተራ ቋንቋ ይነግርሃል። ለጎረቤትህ የምትልከውን ደብዳቤም አዘጋጅቶ ይሰጥሃል፤ ስምና ቀን መሙላት ብቻ ነው።

ብዙ ጉዳይ እዚህ ሊያልቅ ይችላል። ጎረቤትየው ደብዳቤው ሲደርሰው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ያያል። ወይም አንተ ራስህ ጥያቄዎቹን ስትመልስ ኃላፊነቱ የጎረቤትህ ሳይሆን የማኅበሩ መሆኑን ትረዳለህ። ለእኔ የጠቅላላው ሥርዓት ትልቁ ፈጠራ ይህ ነው። ሰው ከመክሰሱ በፊት መክሰስ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚነግረው አካል ከዚህ በፊት ጠበቃ ብቻ ነበር። ጠበቃ ለመጠየቅ ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ካላለቀ ክፍያ ከፍለህ ማመልከቻ ታስገባለህ። ለጎረቤትህ ማስታወቂያ ይደርሰዋል፤ መልስ ይሰጣል። ከዚያ ሁለታችሁ በቀጥታ እንድትደራደሩ ዕድል ይሰጣችኋል። ካልሆነ የትሪቡናሉ ባለሙያ መሐል ገብቶ ያስማማል፤ በስልክ፣ በኢሜይል፣ እንደሚመቻችሁ። ብትስማሙ ስምምነታችሁ ወደ ትእዛዝ ሊቀየር ይችላል። ሁሉም ካልተሳካ ብቻ ነው ፈራጅ የሚመጣው። እሱም በአብዛኛው የጽሑፍ ክርክሩን አንብቦ ይወስናል። ውሳኔው ምክንያቱን ዘርዝሮ ይጻፋል፤ ማንም እንዲያነበው ይወጣል። የአየር መንገዱን ጉዳይ እኔና እናንተ ልናውቀው የቻልነውም በዚህ ነው።

ጠበቃ እዚህ ቤት እንደ ልብ አይገባም። መርሑ ሰው ራሱን ችሎ ይከራከር ነው፤ ለየት ያለ ሁኔታ ሲኖር ይፈቀዳል። ለጠበቆች ደስ የማይል ነገር ነው፤ ሲጀመርም ቅሬታ ነበር። ቅሬታው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም አልልም። ኩባንያው የራሱ የሕግ ክፍል ሠራተኛ እያለው ግለሰቡ ብቻውን ቢቀር እኩልነቱ የስም ብቻ ይሆናል። ግን በ650 ዶላር ጉዳይ ምርጫው ብዙ ጊዜ በጠበቃና በብቸኝነት መካከል አይደለም። በብቸኝነትና በመተው መካከል ነው።

በጃንዋሪ 2024 ትሪቡናሉ አንድ ከባድ ሥራ ተረከበ። የግል ገመና ምስል ያለፈቃድ የተሰራጨበት ሰው ምስሉ እንዲነሳ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። እስቲ ምስሏ የተሰራጨባትን ሴት አስቧት። ያ ሁሉ ከደረሰባት በኋላ ችሎት ቆማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ያንን ያደረገባት ሰው ተቀምጦ እያየ ታስረዳ? ብዙዎች ዝም የሚሉት በዚህ ነው። በጽሑፍ፣ ከቤቷ፣ ፊቱን ሳታይ ማመልከት መቻሏ የምቾት ጉዳይ አይደለም። መብቱ አለ ወይስ የለም የሚለው ጉዳይ ነው።

ሌሎች አገሮችም የራሳቸውን መንገድ ሄደዋል። ቻይና በ2017 ሀንግዡ ላይ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት ከፈተች፤ በቀጣዩ ዓመት ቤይጂንግና ጓንግዡ ተከተሉ። እነሱ የሚያዩት ከኢንተርኔት የተነሳ ክርክር ነው፤ የኦንላይን ግዢ፣ የኦንላይን ብድር፣ የቅጂ መብት። እንግሊዝና ዌልስ በ2018 የገንዘብ ክስን ተራ ሰው ራሱ ኦንላይን የሚያስገባበትን አገልግሎት ለሕዝብ ከፈቱ።

ከተሳካው ይልቅ ግን ያልተሳካው ያስተምረኛል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሬክትቫይዘር የሚባል መድረክ ነበር። የሚፋቱ ጥንዶች ያለ ጭቅጭቅ ንብረትና ልጅ አስተዳደግ ላይ እንዲስማሙ ይመራቸዋል። በዓለም ዙሪያ ተወደሰ። ጉባኤ በተካሄደ ቁጥር ስሙ ይነሳ ነበር። በ2017 ተዘጋ። የሚጠቀመው ሰው ጥቂት ነበር፤ ራሱን በገንዘብ መቻልም አልቻለም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 ለሸማቾች አንድ የጋራ መድረክ ከፍቶ ነበር። እሱም በጁላይ 2025 ተዘጋ። አቤቱታ የሚያስገባ አልጠፋም። የጠፋው መልስ የሚሰጥ ነጋዴ ነው። በመላው ኅብረቱ በዓመት 200 ገደማ ጉዳይ ብቻ ነበር ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው።

ሁለቱን ከካናዳው ጋር አስተያዩ። ኮምፒውተሩ አይደለም የለያቸው። ተከሳሹን መልስ ስጥ የሚል ኃይል መኖርና አለመኖሩ ነው። ትሪቡናሉ የጠራው ሰው ዝም ቢል ይወሰንበታል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት በኩል እንደማንኛውም ፍርድ ይፈጸማል። ግብዣ ብቻ የሆነ መድረክ ግን የሚሠራው ሌላው ወገን ደግ ከሆነ ነው። ሌላው ወገን ደግ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መጀመሪያውኑ ክርክር አይኖርም ነበር። ኢቤይስ? ኢቤይ ገንዘቡ የሚያልፍበት በር ላይ ተቀምጧል። ሻጩን ከገበያው ማስወጣት ይችላል። ኃይሉ ሕግ ባይሆንም ኃይል ነው።

እንግዲህ ይህ ኃይል ራሱ ነው ወደ አደጋው የሚወስደን። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

በአሜሪካ ፒው የተባለው ተቋም በ2020 ስለ ዕዳ ክሶች ያወጣው ጥናት አለ። መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ክስ ያለቀው ተከሳሹ በሌለበት በተሰጠ ውሳኔ ነው። ማለትም ዕዳ ሰብሳቢው ከሰሰ፤ ባለዕዳው መልስ አልሰጠም፤ ተፈረደበት። ዕዳው የእሱ ይሁን አይሁን፣ ሂሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን የመረመረው የለም። ኦንላይን ፍርድ ቤት ይህንን ሊፈውሰውም ሊያባብሰውም ይችላል። የቀረው ሰው የቀረው ከሥራ መውጣት ስላልቻለ ከሆነ፣ በስልኩ መልስ መስጠት መቻሉ ያድነዋል። ግን በሩ ለከሳሽም ተከፍቷል። አንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት በአንድ ጠዋት አንድ ሺህ ክስ በፋይል ጭኖ መላክ ይችላል። መጥሪያው ደግሞ ማንም ወደማያየው ኢሜይል ይሄዳል። ያኔ ያገኘነው ፈጣን ፍትሕ ሳይሆን ፈጣን ማስፈረጃ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ የኦንላይን ፍርድ ቤት ስንሰማ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባው በቀን ስንት መዝገብ እንደዘጋ አይመስለኝም። ከተከሰሱት ውስጥ ስንቱ መልስ ሰጠ የሚለው ነው።

ኢንተርኔት የሌለውስ? የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2024 ግምቱ 2.6 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ብሏል። ከሚጠቀመውም ውስጥ ማኅበራዊ ሚዲያ እንደልቡ የሚያገላብጥ፣ ግን ሰነድ ስካን አድርጎ አያይዝ ሲባል የሚቸገር ሞልቷል። ማንበብ የሚከብደው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ስልኩን ከቤተሰብ ጋር የሚጋራ አለ። መፍትሔው የሚታወቅ ነው። የወረቀትና የስልክ በር አይዘጋ። የካናዳው ትሪቡናል በፖስታም በስልክም ያስተናግዳል። ብዙ ሰው ኦንላይን ሲጨርስ የቢሮው ወረፋ ያጥራል፤ በአካል የሚመጣው ሰውም ይጠቀማል። ይህ የሚሆነው ግን የተረፈው ሠራተኛ እዚያው ሰው ለመርዳት ከቀረ ነው። ብዙ ቦታ ቴክኖሎጂው የሚገዛው ቢሮውን ለመዝጋት ነው። ያ ደሃውን ከደጅ ጥናት አያወጣውም፤ የሚጠናውን ደጅ ያሳጣዋል።

ሁሉም ጉዳይ ለስክሪን አይሆንም። ቺካጎ ባለበት በኩክ ካውንቲ ከ1999 ጀምሮ የዋስትና ጉዳይ በካሜራ ይሰማ ነበር። እስረኛው ማረሚያ ቤት ሆኖ፣ ዳኛው ችሎት ሆኖ። በኋላ የተደረገ ጥናት ካሜራው ከገባ ወዲህ የዋስትናው መጠን በአማካይ ከ50 በመቶ በላይ መጨመሩን አሳየ። በካሜራ ያልታዩት ጉዳዮች ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። በ2008 ወደ አካል ችሎት ተመለሱ። ሰው በደበዘዘ ስክሪን ሲታይ ሰውነቱ ይቀንሳል ብዬ ነው የምረዳው። ጠበቃው ጆሮው ላይ አያንሾካሹክለትም። ዳኛው ዓይኑን አያይም። ነፃነቱ ወይም ልጁ የሚወሰድበት ሰው ዳኛ ፊት የመቆም መብቱ ሊነካ አይገባም። ከኦንላይን የሚመጣው ጥቅም የገንዘብና የዕቃ ክርክር ላይ ነው፤ እዚያው ይሁን።

የቤት ውስጥ ጥቃትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ተበዳይዋ አጥቂዋን ሳታይ መናገሯ ጥሩ ነው። ግን ካሜራው የሚያሳየው ፊቷን ብቻ ነው። ከካሜራው ጀርባ ማን ቆሟል? አንደበቷ የራሷ ነው ወይስ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው እያስፈራራት ነው? ችሎት ውስጥ ዳኛው ይህንን ያያል።

ስለ ሮቦት ዳኛ ደግሞ አንድ ወሬ ላስተካክል። ኢስቶኒያ ትንንሽ ክሶችን የሚፈርድ ሮቦት ዳኛ ሠራች የሚል ዜና ከ2019 ጀምሮ በየቦታው ይዞራል። የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 እንዲህ ያለ ነገር እየሠራን አይደለም ብሎ አስተባብሏል። የሠሩት ፍርድ ቤቶችን የሚያግዝ አውቶማቲክ አሠራር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ማሽን ሰነድ ሊያደራጅ፣ ቀን ሊያስታውስ፣ ሊተረጉም ይችላል። ሲሳሳት ግን ለምን ብለን የምንጠይቀው ሰው ያስፈልገናል።

ማሽን አይሳሳትም የሚለው እምነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ብሪታንያ አይታዋለች። ሆራይዘን የተባለው የፖስታ ቤቶች የሂሳብ ሥርዓት ጉድለት ነበረበት። ገንዘብ ሳይጎድል ጎደለ ይል ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሂሳብ ተፈረደባቸው። የታሰረ አለ፤ ንብረቱን የሸጠ አለ። ሕጉ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ስለሚነሳ ተሳስቷል ብሎ ማስረዳት የተከሳሹ ሸክም ሆነ። ተከሳሹ ደግሞ የኮምፒውተሩን ውስጥ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ፍርዶቹን በጅምላ ለመሻር በ2024 ልዩ ሕግ ማውጣት አስፈለገ። ያ የሆነው በመደበኛው ችሎት ነው። ማስረጃው ሁሉ ዲጂታል በሚሆንበት ፍርድ ቤት ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ በስሱ ልንካ። ችሎት ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ዳኛውን የሚያስጠነቅቀው አንዱ ነገር ይህ ነው። ሁሉም ነገር በሁለት ሰዎች ስልክና በአንድ ዳኛ ኮምፒውተር መካከል ካለቀ ማን ያያል? ውሳኔዎችን ከነምክንያታቸው ማውጣት ግማሽ መልስ ነው። ስም ያለገደብ ኢንተርኔት ላይ መቅረቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የ400 ዶላር ክርክር ዕድሜ ልክ ሥራ ፈላጊውን ሊከተለው አይገባም።

አሁን በተግባር። አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ ክስ ቀርቦባችኋል፣ ይህንን ሊንክ ተጫኑ የሚል መልእክት ቢመጣስ? መጀመሪያ ሊንኩን አትንኩት። አጭበርባሪዎች በፍርድ ቤት ስም መጻፍ ይወዳሉ፤ ሰው ይደነግጣልና። የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ፤ የመዝገብ ቁጥሩን እዚያ አስገቡ፤ ወይም ከዚያው ባገኛችሁት ስልክ ደውሉ። ወዲያው ገንዘብ ላክ የሚል ከሆነ ውሸት ነው ብላችሁ ጀምሩ።

እውነት ከሆነ ደግሞ የመልስ መስጫውን ቀን ፈልጉና ጻፉት። ዝምታ ክሱን መካድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ክሱን እንደ ማመን ነው የሚቆጠረው። ሙሉ መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ካነሰ እንኳ ክሱን አልቀበለውም፣ ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ በወቅቱ ማስገባት ይሻላል። የቻት መልእክትን ከላይ ያለው ስምና ቀን እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሾት አንሱ፤ ዋናውን ግን ከስልካችሁ አታጥፉ። ድምፅና ፎቶ ካለ ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጡ። መልሳችሁን ስታስገቡ ደርሶናል የሚል ማረጋገጫ ይመጣል። እሱንም አስቀምጡት። ካልመጣ መልሳችሁ ገብቷል ብላችሁ አትተኙ፤ በነጋታው ደውሉ፤ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ።